ከቆሮንቶስ እስከ ኦሊምፒያ በብስክሌት፦ በሰሙነ ሕማማት የተያዘ ማስታወሻ

ከጉዞው 5 ሳምንት በፊት፣ ፍራንክፈርት

ሐሳቡ የአብሮ አደጌ ነው። እሱ ስቶክሆልም አውቶቡስ ይነዳል፤ እኔ እዚህ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ሁለታችንም ብስክሌት የምንነዳው ለሥራ መሄጃና ለእሑድ ጠዋት እግር ማፍታቻ ነው። «የግሪክ ፋሲካና የኛ ሁሌም አንድ ቀን ነው የሚውለው። ለምን ሕማማቱን እዚያ በብስክሌት አናሳልፍም?» አለኝ በስልክ። ቀልድ መስሎኝ እሺ አልኩት። በማግስቱ የቆረጠውን ትኬት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ።

መስመሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፔሎፖኔዝ ከአቴንስ በስተምዕራብ ያለ ሰፊ ልሳነ ምድር ነው። ከዋናው ግሪክ ጋር የሚያያዘው በአንዲት ቀጭን የመሬት አንገት ብቻ ነው። ከቆሮንቶስ ተነስተን ሚኬኔን፣ ናፍፕሊዮን፣ ትሪፖሊን፣ ስፓርታን፣ ካላማታን፣ መሲኔን፣ ባሴን አይተን ኦሊምፒያ እንጨርሳለን። ካርታው 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል። ለ10 ቀን ሲካፈል በቀን 43። «ይሄማ ሽርሽር ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ይህን መስመር አልሰርዘውም። በኋላ ልስቅበት እፈልጋለሁ።

ከጉዞው 3 ሳምንት በፊት

ብስክሌቴን ገልብጬ መሥራት ጀመርኩ። የኋላው ትልቁ ማርሽ 28 ጥርስ ነበረው። በ34 ቀየርኩት። የፊቱ ትንሹም 34 ስለሆነ እግሬ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ዳገት ላይ ከዚያ በላይ አቅም የለኝም። የፍሬን ሸራዎቹን አራቱንም አዲስ አደረግኩ። ቸርኬው በትንሹ ያዘነብል ነበር፤ ሽቦዎቹን እያጠበቅኩ አስተካከልኩት። ኩሽኔታዎቹን በግራሶ ሞላኋቸው።

አንድ ጣልያናዊ ባልደረባዬ ቆሞ ሲያየኝ ለራሴ እንደማወራው «ካቻቢቴው የት ገባ? ፒንሳውስ?» ስል ሰማኝና በሳቅ ሞተ። የሰፈራችን ጎሚስታ ያስተማረን ቃል ሁሉ የነሱ ነው ለካ።

ከኋላ ፖርቶመጋላ ገጠምኩ። ሁለት የጎን ቦርሳ ይሸከማል። ብስክሌቱ 12 ኪሎ፣ ዕቃው 11 ኪሎ። ከዕቃው ውስጥ 2 ኪሎው በሶ ነው። ጾመኛ ብስክሌተኛ ዳገት ላይ ምን ይበላል? ገበያ ላይ ያለው የስፖርተኛ ብስኩት አብዛኛው ወተት አለበት። በሶ በጨውና በስኳር ጭብጦ አድርገህ ኪስህ ብትከተው ግን ቀኑን ሙሉ አይበላሽም። የድሮ መንገደኞቻችን ስንቅ አዋቂ ነበሩ።

ቅዳሜ፣ ቆሮንቶስ

(ከዚህ በኋላ ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱ በፈረንጅ ነው።)

ብስክሌቱን ለማሸግ ከብስክሌት ሱቅ ባዶ ካርቶን በነጻ ለመንኩ። ፔዳል መፍታት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ መሆኑን ረስቼ፣ ልፈታ ብዬ የባሰ ሳጠብቀው ነበር። አቴንስ ስንደርስ ካርቶኔ ተከፍቶ እንደገና ታሽጓል። የበሶው ላስቲክ ጥግ ተቀዷል። የማላውቀው አንድ ፈታሽ ዛሬ በሶ ቀምሷል ብዬ እገምታለሁ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር መጣን። ባቡሩ የቆሮንቶስን ቦይ በድልድይ ሲሻገር በመስኮት ያየነው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ግራና ቀኙ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ገደል፣ ታች ሰማያዊ ክር። የሮሙ ቄሣር ኔሮ በ67 ዓ.ም. አስጀምሮት ሳያልቅ ቀረ። የተከፈተው በ1893 ነው። ርዝመቱ 6.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ግን ጉዟችን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሆነ ከዚህ በላይ አላየነውም።

ማታ በእንግዳ ማረፊያው ግቢ ብስክሌቶቹን ገጣጠምን። ሁሉም ደህና ነው። እስከ ነገ።

ሆሣዕና፣ እሑድ። ከቆሮንቶስ ወደ ናፍፕሊዮ። 68 ኪ.ሜ.፣ ከፍታ 650 ሜትር

ጠዋት 1 ሰዓት ተነሳን። አሮጌዋ ቆሮንቶስ ከአዲሷ ወጣ ብላ፣ ከአንድ ትልቅ አለታማ ተራራ ሥር ናት። ጳውሎስ እዚህ ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጦ አስተምሯል። ፍርድ አደባባይ የቆመበት የድንጋይ መድረክ ፍርስራሽ ይታያል። አብሮ አደጌ የሐዋርያት ሥራ 18ን ስልኩ ላይ ከፍቶ እዚያው ቆሞ አነበበ። እኔ ብስክሌት ጠበቅኩ።

የመንደር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሰዎች ሲወጡ ደረስን። አንዲት እናት ቆም ብለው ብስክሌቱንም እኛንም አዩና ከዘንባባቸው ከፍለው ሰጡን። ግሪኮች ዘንባባውን በመስቀል ቅርጽ ይጎነጉኑታል። ጓደኛዬ ግን ወዲያው ቀለበት ሠራ፤ አንዱን ጣቱ ላይ፣ አንዱን የብስክሌቴ መሪ ላይ አሰረው። እማማ ሳቁ። ቋንቋ አልተግባባንም፤ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል።

የድሮው መንገድ በዴርቬናኪያ ማጥበቢያ ያልፋል። በ1822 የግሪኮች የጦር መሪ ኮሎኮትሮኒስ የቱርክን ጦር የደቆሰበት ቦታ ነው። እኛንም ትንሽ ደቆሰን። ዳገቱ እንደ ጀመረ ከብስክሌቴ ሥር ድምፅ ሰማሁ። ቂጭ። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር፣ ቂጭ። ሜዳ ላይ ይጠፋል። ዳገት ላይ ይመጣል።

ሚኬኔ። የአንበሶቹ በር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1250 አካባቢ የቆመ ነው። አንበሶቹ ራስ የላቸውም፤ ቢሆንም ያስፈራሉ። ታች ካለው መቃብር ግን ንግግር ጠፋኝ። የአትሬዎስ ግምጃ ቤት ይሉታል። ውስጡ እንደ ቀፎ ወደ ላይ የሚጠብ ጉልላት ነው። ከበሩ በላይ የተጋደመው አንድ ድንጋይ ብቻ 120 ቶን ይመዝናል። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አይቶ «አክሱም የወደቀው 500 ቶን ነው» አለ። በዚህ ሰውዬ ፊት ማንም ምንም መኮፈስ አይችልም።

ከዚያ ቁልቁል። አርጎስ ሜዳ ላይ የብርቱካን እርሻው አብቧል። ሽታው መንገዱን ሁሉ ይከተላል። ናፍፕሊዮ 11 ሰዓት ገባን። አራት ሰዓት ይፈጃል ያልኩት መንገድ ጉብኝቱን ጨምሮ አስር ሰዓት ፈጀ።

እራት ላይ አንድ ቃል ተማርን፦ ኒስቲሲሞ። የጾም ማለት ነው። አስተናጋጁ ሲሰማ ፊቱ ፈካ። የዛሬውን የጾም ምግብ ብሎ ዓሣ አመጣልን። እነሱ ዘንድ በሆሣዕና ዓሣ ይፈቀዳል። በሌላው የጾም ቀን ደግሞ ደም የለውም ብለው ኦክቶፐስ ይበላሉ። ጓደኛዬ ስምንቱን እግር ባሰበ ጊዜ «እኔ ፍስክም ቢሆን አልነካውም» አለ። ባቄላ በቲማቲም፣ ሆርታ የሚሉት የተቀቀለ ጎመን፣ ወይራና ዳቦ በላን። ሆርታውን በሎሚና በዘይት ሲቀርብ ቀምሼ የእናቴ ጎመን ትዝ አለኝ።

ሰኞ። ኤፒዳውሮስ ደርሶ መልስ። 56 ኪ.ሜ.፣ 550 ሜትር

ማታ ፔዳሉን ፈትቼ ግራሶ ቀባሁት። ዛሬ ቦርሳዎቹን ክፍላችን ትተን ወጣን። ቂጭታው ጠፋ! ግራሶው ሠራ ብዬ ቀኑን ሙሉ ጎረርኩ።

በመንገዱ ላይ፣ አርካዲኮ ከምትባል መንደር አጠገብ አንድ ድልድይ አለ። ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠራ። 22 ሜትር ነው የሚረዝመው። ዕድሜው ከ3200 ዓመት በላይ ነው። የጦር ሠረገላ እንዲያልፍበት ነበር የተሠራው። ማንም አልነበረም። አጥር የለም፣ ትኬት የለም። በብስክሌት ተሻገርነው። አንድ ጊዜ አልበቃንም፤ ተመልሰን ደግመን ተሻገርን። ከጉብኝቱ ሁሉ እስካሁን የወደድኩት ይህን ነው።

የኤፒዳውሮስ ቲያትር 55 ረድፍ መቀመጫ አለው። የዛሬ 2300 ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። መሀሉ ላይ ቆመህ ወረቀት ብትቀድ እላይ ይሰማል ይባላል። ጓደኛዬ እላይኛው ረድፍ ወጣ። ወረቀት ቀደድኩ። «ምንም!» አለ። በተራ ድምፅ «ውሃ ይዘሃል?» አልኩት። «ይዣለሁ» አለኝ፤ ሳይጮህ። ያ ለኔ በቂ ነው።

ማክሰኞ። ከናፍፕሊዮ ወደ ትሪፖሊ። 62 ኪ.ሜ.፣ 1150 ሜትር

ሽርሽሩ እዚህ ላይ አበቃ።

እስከ ሚሊ ድረስ ባሕሩን ይዘን ሄድን። የአፈ ታሪኩ ጀግና ሄራክለስ ዘጠኝ ራስ ያለውን እባብ ገደለበት የሚባለው ሌርና እዚሁ ነው። ቂጭታው ከቦርሳዎቹ ጋር ተመልሶ መጣ። ነገሩ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። ይልቅ መቀመጫውን ጠረጠርኩ፤ ወርጄ ብሎኑን አጠበቅኩ። ቂጭ።

ከሚሊ በኋላ መንገዱ ተራራውን እንደ እባብ ይዞረዋል። አንዱን ዙር ስትጨርስ ያሳለፍከውን ከሥርህ ታየዋለህ፤ የሚቀርህን ደግሞ ከራስህ በላይ። የአርጎስ ባሕረ ሰላጤ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ከሁሉም የሚያናድደው ግን አክላዶካምቦስ ነው። በላብ ያገኘኸውን ከፍታ ወደ መንደሯ ወርደህ ታስረክባለህ። ከዚያ እንደገና ከታች ትጀምራለህ።

መንደሯን እንዳለፍን ሦስት የበግ ጠባቂ ውሾች መጡብን። ጓደኛዬ ሊያመልጥ ፔዳል ረገጠ። እኔ ወርጄ ብስክሌቱን በመሀላችን አደረግኩና ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ አልኩ። ወዲያው አፈገፈጉ። የጉለሌም የአርካዲያም ውሻ ይህን ምልክት ያውቃል።

ትሪፖሊ ከባሕር ወለል 650 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ9 ሰዓት በፊት እንገባለን ብለን 12 ሰዓት ገባን። ብርድ ነው። እራት ላይ ናፕኪን ላይ አዲስ ሒሳብ ሠራሁ። ሜዳ ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት 12 ደቂቃ። በዚህ ሒሳብ የዛሬው ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ንጹሕ መንዳት ነው። ሰዓቴ ያሳየውም ያንኑ ነው፤ ሌላው ዕረፍትና ውሻ ነው። 430ን ለ10 ማካፈል ከንቱ ነበር። ካርታ ርቀትን እንጂ ላብን አያሳይም።

በአዲሱ ሒሳብ ያየነው ሌላም ችግር አለ። ትልቁ ተራራ፣ ላንጋዳ፣ በዕቅዳችን ላይ ዓርብ ነው የወደቀው። ስቅለት ዕለት። እስከ ማታ ምንም ሳንቀምስ 1400 ሜትር ልንወጣ ማለት ነው። ስንነሳ የንስሐ አባታችን «መንገደኛ ናችሁ፣ ጠዋት እህል ቅመሱ» ብለው ፈቅደውልን ነበር። ለስቅለት ግን ሁለታችንም ልባችን አልፈቀደም። ስለዚህ የስፓርታ የዕረፍት ቀን ተሰረዘ። ተራራው ወደ ሐሙስ መጣ።

ረቡዕ። ከትሪፖሊ ወደ ስፓርታ፣ ሚስትራን ጨምሮ። 72 ኪ.ሜ.፣ 700 ሜትር

የነፋስ ቀን። አብዛኛው ቁልቁል ነው። ታይጌቶስ ተራራ ከርቀት ብቅ ሲል ሁለታችንም ዝም አልን። ጫፉ 2407 ሜትር ነው። በሚያዝያ በረዶ ተሸክሟል። ነገ በጎኑ እናልፋለን።

በዚሁ መንገድ በየዓመቱ ሰዎች በእግራቸው ይሮጣሉ። ከአቴንስ ስፓርታ፣ 246 ኪሎ ሜትር፣ በ36 ሰዓት ውስጥ። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ አቴናዊው መልእክተኛ የጻፈውን ያነበቡ የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንኖች በ1982 ይቻል እንደሆነ ሞከሩት። ተቻለ። ከ1983 ጀምሮ ውድድር ሆነ። የጨረሰ ሰው የጥንቱን የስፓርታ ንጉሥ የሊዮኒዳስን ሐውልት እግር ይነካል ወይም ይስማል። እኛ የፊት ጎማችንን አስነካነው። ከዚያ በላይ አልደፈርንም።

ሚስትራ ከስፓርታ ትንሽ ወጣ ብላ ገደል ላይ የተንጠለጠለች የቢዛንታይን ከተማ ናት። ዛሬ የሚኖሩባት የፓንታናሳ ገዳም መነኮሳይያት ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ንጉሥ፣ ቆስጠንጢኖስ 11ኛ፣ በጥር 1449 ነጋሢነቱ የታወጀው እዚህ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ከቁስጥንጥንያ ጋር ወደቀ። በብስክሌት ጫማ ድንጋይ ደረጃ መውጣት ግን ሞኝነት ነው። ሁለቴ ተንሸራተትኩ። በመጨረሻ በካልሲ ወጣሁ።

ጸሎተ ሐሙስ። ላንጋዳ። 58 ኪ.ሜ.፣ 1400 ሜትር

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ሒሳቡ ስድስት ሰዓት ይላል።

ከትሪፒ መንደር ጀምሮ መንገዱ ወደ ገደሉ ይገባል። ስፓርታውያን ፍርደኛ ይወረውሩበት ነበር የሚባለው ካያዳስ እዚህ አጠገብ ነው። ደካማ ሕፃናትን ይጥሉበት ነበር የሚል ታሪክም አለ። ከዋሻው የተገኘው አጥንት ግን በአብዛኛው የአዋቂዎች ነው። ከዚያ በላይ መንገዱ ዓለቱን ቦርቡሮ ያልፋል። ጣሪያው ድንጋይ፣ ግራህ ገደል። መኪና በሩብ ሰዓት አንዴ ቢያልፍ ነው። የሚሰማው ውሃ፣ ትንፋሽና የኔ ቂጭታ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ያንን ነገር ዝም አስብለው» አለ ጓደኛዬ ከኋላዬ።

«ኩሽኔታው ነው መሰለኝ» አልኩ።

«ማክሰኞ መቀመጫው ነበር፤ ከዚያ በፊት ፔዳሉ።»

ወደ አናቱ ስንቃረብ እግሬ ባዶ ሆነ። ስለ ድካም አይደለም የማወራው። ነዳጁ ያለቀ መኪና ነበርኩ። መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ሁለት ሁለት ጭብጦ በላን፣ ውሃ ጠጣን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ሆንኩ። ከ1300 ሜትር በላይ ስትሆን ጥዱ ይበዛል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ፎቶ አነሳንና ጃኬት ደራርበን ቁልቁል ተለቀቅን።

አርቴሜሲያን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ እንደገና ይወጣል። ካርታው ላይ ያቺን ሁለተኛ ዳገት አይቼ ንቄያት ነበር። ይቅር ትበለኝ። ከዚያ ወደ ካላማታ የመጨረሻው ቁልቁለት። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲያዝ ቸርኬው ይግላል፤ ስለዚህ ቆም እያልን እናቀዘቅዘው ነበር። አራተኛው መታጠፊያ ላይ የኋላዬ ክብደት ወደ ግራ ጋደል አለ። ቆምኩ። ፖርቶመጋላው ተንጋዷል። በገመድ አስሬ ቀስ ብዬ ወረድኩ። በጠቅላላው 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነዳን።

ማታ ጉልባን አበሰልን። ለሙታን መታሰቢያ የሚቀቅሉት ስንዴ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል፤ ባቄላም አለ። የማረፊያችን ባለቤት ገብተው ድስቱን አዩ። እሳቸው በዚያው ሰዓት እንቁላል ቀይ እየነከሩ ነበር። እነሱም ሐሙስን የሚያውቁት በድስት ነው።

ስቅለት፣ ካላማታ። 0 ኪ.ሜ.

እስከ ቀትር ብስክሌት ጠገንኩ። በጾም ቀን የእጅ ሥራ ጥሩ ነው፤ ሆድን ያስረሳል። ቦርሳዎቹን አውርጄ ፖርቶመጋላውን ፈተሽኩ። በግራ በታች የሚይዘው ብሎን ለሁለት ተቆርጧል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ላልቶ ነበር። ዳገት ላይ ክብደቱ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ፣ ቂጭ። ሰኞ ያለ ቦርሳ ስንወጣ ዝም ያለው ለዚህ ነው። ግራሶው ንጹሕ ነው፤ ያልሠራውን ሠራ ብዬበታለሁ።

የተረፈውን ቁራጭ በፒንሳ ይዤ አወጣሁ። ያየናቸው ሱቆች ዝግ ናቸው። ጓደኛዬ አይቶ አይቶ የራሱን የውሃ ኮዳ መያዣ ጠቆመ። እሱን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ውፍረታቸው ልክ የፖርቶመጋላው ነው። አንዱን ፈትቶ ሰጠኝ። «ኮዳውን አንድ ይበቃዋል» አለ። ገጠምኩት። አጥብቄ ገጠምኩት።

ማታ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከነሱ ጋር ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ ከ451 ጀምሮ የተለያየን ነን። ስለዚህ ከኋላ ቆምን፤ ሻማ ብቻ ገዛን። በአበባ የተሸፈነውን ኤፒታፊዮስ፣ የጌታን የመቃብር ምሳሌ፣ ተሸክመው ከተማውን ሊያዞሩ ሕዝቡ ተሰብስቧል። ከምግብ ስም በቀር ግሪክኛ አንድም ቃል አናውቅም ብለን ነበር የቆምነው። ከዚያ ዘማሪዎቹ «ኪሪዬ ኤሌይሶን» አሉ።

ኪርያላይሶን። ልጅ ሆነን በሕማማት ስንሰግድ ስንት መቶ ጊዜ ብለነዋል። ትርጉሙን ሳንጠይቅ፣ ግዕዝ መስሎን፣ ጉልበታችን እስኪላላ። አቤቱ ማረን ማለት ነው። ጓደኛዬን አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሊሰግድ ጎንበስ ሊል ፈለገ፤ ከትናንቱ ተራራ የተረፈ ጉልበት ግን አልነበረውም። ግድግዳ ይዞ በግማሽ ሰገደ። አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይዘው ቀና አደረጉት።

ሻማችንን ይዘን ከሰልፉ ጋር ከተማውን ዞርን።

ቅዳሜና ፋሲካ፣ መሲኔ። 28 ኪ.ሜ.፣ 400 ሜትር

አጭር መንገድ ነው። ፖርቶመጋላው ዝም ብሏል። መሲኔ ከ369 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ጀምሮ የነበረች ናት። የቴብስ ጦር አዛዥ ኤፓሚኖንዳስ ስፓርታን ካሸነፈ በኋላ፣ ለዘመናት የስፓርታ አገልጋይ ለነበሩት መሲናውያን ያስገነባት ነች። ቅጥሩ ስፓርታ ዳግም እንዳትመጣ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። በአርካዲያ በር የዛሬው አስፋልት ያልፋል። እኛም አለፍንበት። ጎብኚው ጥቂት ነው፤ ከሚኬኔ ይልቅ እዚህ ሰው ብቻውን ከድንጋይ ጋር መቀመጥ ይችላል።

እኩለ ሌሊት ላይ ማቭሮማቲ መንደር ውስጥ መብራት ሁሉ ጠፋ። ካህኑ አንዲት ሻማ ይዘው ወጡ። ከሷ ሁሉም ለኮሰ። «ክሪስቶስ አኔስቲ!» «አሊቶስ አኔስቲ!» እኛም በልባችን «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አልን። ሰዎቹ ሻማውን ሳያጠፉ ቤታቸው ወስደው በጭሱ ከበራቸው በላይ መስቀል ሠሩ።

ከዚያ ማዕድ። የማረፊያችን ቤተሰብ ማጊሪትሳ የሚባል ሾርባ አቀረቡልን። የበግ ሆድ ዕቃ በቅጠላ ቅጠል። የዱለት የአጎት ልጅ ነው። እኔ ወዲያው በላሁ። ጓደኛዬ ግን «ዶሮ ሳይጮህ አልገድፍም» ብሎ ተቀመጠ። አስረዳናቸው። አባወራው ሰዓታቸውን አዩና «የኔ ዶሮ ሰነፍ ነው» አሉ። 10 ሰዓት ላይ ጮኸ። ሾርባው ሁለተኛ ተሞቀ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ በግ በፍም ላይ ሲሽከረከር ዋለ። ስለ ብስክሌት የሚጻፍ የለም።

ሰኞ። ወደ ዛካሮ። 66 ኪ.ሜ.፣ 500 ሜትር

ባሴን ሰረዝነው። የአፖሎን ቤተ መቅደስ እዚያ ተራራ ላይ፣ 1131 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከ1987 ጀምሮ ከዝናብና ከነፋስ እንዲጠበቅ በትልቅ ድንኳን ተሸፍኗል። ማየት እፈልግ ነበር። ግን ሰማዩ ወደዚያ ጠቁሯል፤ የጓደኛዬ ጉልበት ደረጃ ሲወርድ ያነክሳል፤ የኔ ዕቃ የተንጠለጠለው በኮዳ ብሎን ነው። ለጉራ ብለን የምንወጣው ዳገት አይደለም። በሸለቆው ወደ ባሕር ወረድን። ሜዳ! ነፋስ ከኋላ! ሁለታችንም ዘፈንን።

አንድ ቅሬታ። የጓደኛዬ ኮዳ ከረባዳ መንገድ ሁሉ ጋር ይንቀጫቀጫል።

ማክሰኞ፣ ኦሊምፒያ። 33 ኪ.ሜ.

5 ሰዓት ላይ ደረስን። የስታዲየሙ መነሻ የድንጋይ መስመር አሁንም አለ፤ የእግር ጣት የሚያርፍበት ስንጥቅ ተቀርጾበታል። ከመነሻ እስከ መድረሻ 192 ሜትር ከ27 ሳንቲም ነው። በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ የአሎሎ ውርወራው እዚሁ ሣር ላይ ነበር የተደረገው። በዚያው ኦሊምፒክ፣ አቴንስ ላይ፣ ቀነኒሳ በ10 ሺህ ወርቅ፣ ስለሺ ብር ወሰዱ። አበበ ቢቂላም ከሮም ድሉ በኋላ፣ በ1961፣ ከማራቶን ወደ አቴንስ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሲዘረዝር ጫማውን እያወለቀ ነበር። ሮጥን። አስር ቀን ፔዳል የረገጠ እግር መሮጥ ረስቷል፤ ሁለት ዳክዬ መስለናል። 58 ሰከንድ። አንድ የትምህርት ቤት ቡድን ተሰብስቦ አጨበጨበልን። የሆሣዕናው ዘንባባ ቀለበት ደርቆ መሪዬ ላይ አለ።

ማታ ሒሳብ ዘጋን። 443 ኪሎ ሜትር። ከፍታ 5600 ሜትር ገደማ። የተነፈሰ ጎማ፣ ሁለት፤ ሁለቱም የሱ። የተቆረጠ ብሎን፣ አንድ። ያለቀ በሶ፣ ሁለት ኪሎ ከፈታሹ ድርሻ ጋር። ነገ ፒርጎስ ወርደን ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ሆድ ውስጥ አስተኝተን ወደ አቴንስ።

ከተመለስኩ 2 ሳምንት በኋላ

አዲስ የፖርቶመጋላ ብሎን ገዛሁ። ሳንቲም ነው ዋጋው። አሮጌውን ግን አልፈታሁትም፤ በደንብ ይዟል።

ትናንት ማታ ከስቶክሆልም ተደወለ። ሥራ ሲሄድ ሲመለስ ብስክሌቱ እየጮኸ አስቸግሮታል። ፔዳሉን ግራሶ ቀብቷል። መቀመጫውን አጥብቋል። አሁን ኩሽኔታውን ሊያስፈታ ነው።

«ኮዳ መያዣህን አይተኸዋል?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ብሎኔን በፖስታ ላክ» አለኝ።